ያለፈው ደቂቃ እንዳይመለስ

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ሲሰዱ ቴክኒሻኗ ቀድማ መዳፏን ዘረጋችበት። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ሰርቨሮቹ በየራሳቸው ሰዓት መሄድ ጀምረው፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ሰርቨር ከሌሎቹ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ቀድሞ ነበር።

"ልጄ፣ እንግዶቹ በር ላይ ናቸው" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። "አዲሱን ክፍል የሚፈቅዱልን እነሱ ናቸው። የአንዱ ስክሪን ሰዓት ከሌላው ሲጣላ ካዩማ ጉዳችን ፈላ! በይ፣ አንዴ ወደ ኋላ መልሺውና እንገላገል።"

"አይሆንም፣ ጋሼ።" እጇ ንቅንቅ አላለም። "በአንዴ ብመልሰው ያለፈው ደቂቃ እንደገና ይመጣል። በሰርቨሩ ሰዓት የሚሠራው የመድኃኒት መስጫ ማሽንም ሰዓቱ ደረሰ ብሎ፣ አሁን የሰጠውን ለሕፃኑ ይደግምለታል። እኔ የሰርቨሩን ሰዓት በጥቂት በጥቂቱ እያዘገየሁት ነው። ነገ ጠዋት ከዋናው ሰርቨር ጋር ይገጥማል።"

"እስከ ነገ?"

"እስከ ነገ። ከፈለጉ ከሥራ ያሰናብቱኝ።"

ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ሥራ አስኪያጁ ወደዚያው ዞር አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ደወሉ። ቴክኒሻኗ ሌላ ባለሙያ ሊያስጠሩ ነው ብላ መዳፏን ኪቦርዱ ላይ አጠበቀች።

"እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቃችሁ ሸኙልኝ" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ነገ ይምጡ። ሰዓታችን ገና አልደረሰም በሏቸው።"