ብርሃን የሚሸሸው ብል

የመጀመሪያዋ ከፈቃደ ሣጥን ስትወጣ ሚስቱ የሺ አየቻት። የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ወርቅማ ክንፍ ያላት በራሪ ነበረች።

"የእሳት ራት ናት፤ ተያት" አላት ፈቃደ።

የእሳት ራት ግን ወደ ብርሃን ነው የምትበረው። ይቺ መጋረጃው ሲገለጥ ሮጣ አልጋ ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይወጣሉ። ትራሷ ላይ ያርፋሉ፣ ነጠላዋ ውስጥ ይገባሉ። የሺ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ያለ ይመስላት ጀመር።

ሣጥኑን ፈቃደ አምና ከናይሮቢ ይዞት መጣ። ለሆቴላችን ዕቃ ልግዛ ብሎ ሄዶ ሳምንት ቆየ። ቁልፉ ከአንገቱ አይለይም። "የሆቴሉ ወረቀት ነው" ይላል። ከዚያ ጉዞ በኋላ እህል አይወርድለትም። ስልኩን ይዞ ጓሮ ይወጣና ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል።

"ዘርአብሩክ ነው፤ ሰላም ብሎሻል።"

ልጃቸው አምና አባቱ ከመጓዙ ጥቂት ቀደም ብሎ በናይሮቢ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። አትሂድ ብላ ስለተጣላችው ለአባቱ ብቻ ቢደውል አልገረማትም። ግን ከልጁ ጋር አውርቶ ማን ያለቅሳል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችው ባሏ ለሌላ ሴት ጥሏት ሊሄድ ነው።

አንዷን በብርጭቆ ይዛ፣ ሆቴሉ ምሳ ለምትበላው ከድንበሩ ማዶ፣ ኬንያ ያለው የሄሉ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ለሆነችው ለሻሮን አሳየቻት። ሻሮን በማጉያ መስታወት አገላብጣ አየች።

"ማማ የሺ፣ ይሄ ብል ነው። ጭንቅላቱ ጸጉር አለው፣ አየሽ? ትልቁ ምንም አይበላም፤ የሚበላው ትሉ ነው።"

"ወረቀት ይበላል?"

"ሃፓና፣ ወረቀት አይበላም። ጥጥም አይበላም። የሱፍ ልብስ፣ ጸጉር፣ ላባ ብቻ። ሰው ለብሶት ሳይታጠብ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነማ፣ በጣም ይወዳል።"

የሺ ደሟ ፈላ። ሳይታጠብ። የሴትየዋን ጠረን ቤቷ ድረስ አምጥቶ ቆልፎበታል ማለት ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፈቃደ ገበያ ሲወጣ የሣጥኑን ጓጉንቸር በመዶሻ ሰበረችው። ብሎቹ እጇ ላይ ተርመሰመሱ። በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ልብስ ብቻ ነበር። አውጥታ ዘረጋችው። እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ደረቱ ላይ የደረቀ ደም አለበት።

ዘርአብሩክ ወደ ደቡብ የተሳፈረ ዕለት፣ እየተቆጣችውም ብርድ እንዳይመታው ብላ ቁልፎቹን በገዛ እጇ የቆለፈችለት ሹራብ ነው።