ሮሃ ያልጠየቀቻት ልጅ

"እናት፣ አካውንቲንግ ብትማር ስራ አታጣም..."

አለች ሮሃ፣ ፈገግ እንዳለች።

ከፊቷ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው አንገቷን የደፋች ልጅ... ኪያ ትባላለች።

ሮሃ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ተማሪ መመዝገብ ከጀመረች ገና ጥቂት ቀኗ ነው።

አለቃዋ "ወላጁን ከያዝሽ ተማሪው የትም አይሄድም" ብሏታል።

እሷም ወላጁን ያዘች...

ስለ መምህራኑ፣ ስለ ኮምፒውተር ክፍሉ፣ ሁሉንም ለሴትዮዋ አወራች። ልጅቷን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

"ታዲያ ምን ይላሉ እናት?"

ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ዞሩ... ልጅቷ ዝም።

"እ... ማለቴ... አንቺ ጥሩ ነው ካልሽ፣ ጥሩ ነው" አሉ።

በቃ፣ ኪያ አካውንቲንግ ተመዘገበች።

ሮሃ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ገባች። ቤት ማለት ብቻዋን የተከራየቻት አንዲት ክፍል ናት። "ዛሬ ቀናኝ" ብላ የምትነግረው ሰው አልነበራትም። ስልኳን አንስታ ስሞቹን ወደ ላይ ወደ ታች አለችና... መልሳ አስቀመጠችው።

ትምህርት ተጀመረ። ኪያ ጥቂት ቀን መጥታ ጠፋች።

ስልኳ ዝግ ነው።

አለቃዋ "ተያት፣ ሌላ መዝግቢ" አላት። ሮሃ ግን አላስችል አላት። በወላጅ ስም የተመዘገበው ቁጥር ላይ ደወለች።

"እናት፣ ልጅዎ እኮ ክፍል መግባት ካቆመች ሰነበተች..."

"የኔ ልጅ?... ልጄ እኮ አይደለችም።"

ሮሃ መዝገቡን ገልጣ ቁጥሩን ደግማ አየችው።

ሴትዮዋ፣ ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ ቀስ ብለው ነገሯት።

"ታክሲ ልይዝ ስል በራችሁ ላይ ቆማ አየኋት። ልትገባ ትልና ትመለሳለች... ምነው ስላት 'ብቻዬን ፈራሁ' አለችኝ። ይዣት ገባሁ። አንቺ እናት እያልሽ ስታዋሪኝ፣ እሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ።"

ያን ቀን ኪያን ሸኝተዋት ስለነበር ቤቷን ያውቁታል። በነጋታው ከሮሃ ጋር ሸጎሌ ወዳለችው የኪራይ ክፍሏ ሄዱ።

ኪያ በሩን ስትከፍት ሻንጣዋ ታስሯል... ወደ ገጠር፣ ወንድሟ ጋ ልትመለስ ነው።

ሮሃ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረባትን ያኔ ጠየቀች።

"ኪያ... አንቺ መማር የፈለግሽው ምንድነው?"

"ፋርማሲ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ልጅቷ አይኗን ሻንጣዋ ላይ ተከለች።

"እናቴ ከሞተች ቆይታለች... እናቴ መስለውዎት እሳቸውን ሲያዋሩ ደስ አለኝ። ከተናገርኩ እውነቱ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ።"

ወይዘሮ ዓለምነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሮሃ አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጠች... ያ ብቸኝነት ለእሷም እንግዳ አልነበረም።

ኪያ ያን ቀን አልሄደችም። ሮሃ ምዝገባዋን ቀየረችላት፤ አሁን ፋርማሲ ትማራለች።

ብቸኝነቷ ጠፋ ማለት አይደለም። ግን ከክፍል ስትወጣ ሮሃ ቢሮ ጎራ ትላለች። አንዳንዴ ምንም አያወሩም... ብቻ ታክሲ ሰልፉ ላይ አብረው ይቆማሉ።

ወገኖቼ... ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለም። ባለጉዳዩ አጠገባችን ተቀምጦ፣ ስለ እሱ ከሌላ ሰው ጋር ስናወራ፣ ብቻውን ትተነዋል።

እናንተስ... እናንተን ሳይጠይቅ ስለ እናንተ ሕይወት የወሰነ ሰው ነበር? ያኔ ማን፣ ምን ብሎ ቢጠይቃችሁ ትወዱ ነበር? ኮሜንት ላይ አጫውቱን...