ቲቸር ይቁሙ

ሰባተኛ ክፍል ሳለ በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ቢያቅተው፣ ቲቸር ወንድይፍራው "ይሄ ጎዶሎ ነው" ብለው ሰሌዳው ሥር አቁመውት ዋሉ። ትምህርቱን ያኔውኑ ተወ። ቂሙን ግን አልተወም፤ ሰፈርተኛውም "ጎዶሎው" ማለቱን አልተወም።

ዛሬ እኚሁ ቲቸር ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጁን ትርሲትን ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቁ በሽማግሌነት መጡ። ሽማግሌ ደግሞ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። እሱ ወንበሩ ላይ ተደላደለ።

"ልጅህን ለልጃችን..." ብለው ሲጀምሩ አቋረጣቸው።

"በእንግሊዝኛ ይሁንልኝ ቲቸር። በሙሉ ዓረፍተ ነገር።"

ምንም ቢሉ "ጎዶሎ ነው" ብሎ ሊመልሳቸው ቆርጧል። ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠርገው እንግሊዝኛውን ለቀቁት። አንዲት ቃል አልገባውም። ጎዶሎ ነው ቢል "ምኑ?" ማለታቸው አይቀርም።

"የስ" አለ ኮስተር ብሎ።

ሽማግሌዎቹ "ተመስገን" ብለው ተቀመጡ። ጓዳው በእልልታ ቀለጠ።

ትርሲት የእጅ ውሃ ይዛ ስትወጣ ሳቋን አፍና ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

"አባዬ፣ ቲቸር የጠየቁህ እኮ 'ዛሬም እንደ ድሮው ምንም አልገባህም አይደል?' ብለው ነው።"