ዲሪር ከባቡሩ ሲወርድ

«ከጫማው ጀምሪልኝ» አለችኝ ቱሪያ። «እንደ ፊልሙ አርገሽ።»

አልጋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ታናሽ እህቷ ሃሊሞ ደሞ እግሬ ስር ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች። እኔ ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሃር ሮጬ ነው የመጣሁት፣ ላቤ እንኳን አልደረቀም። ግድግዳው ማዶ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው መልስ ይጠብቃሉ።

ትልቋ እህታቸው ፋዱማ ባሏ ክንዷን ሰብሮት ወደዚህ ቤት ስትመለስ ክንዷን ያሸንላት እኛው ነን። ከዛ ወዲህ አባታቸው አባ በድሩ «ከእንግዲህ ልጄን ሳትወድ አልድርም» ብለው ምለዋል። እናም ቱሪያ ዛሬ እስከ ከሰዓቱ የአስር ሶላት ድረስ እሺ ወይ እምቢ ማለት አለባት። ለጋብቻ የጠየቃትን ሰውዬ ግን አይታው አታውቅም። ጅቡቲ የሚነግድ፣ ዲሪር የሚባል፣ ዛሬ ጠዋት በባቡር የሚገባ፣ በቃ ይሄው ነው የምታውቀው። እሷ ለገሃር ሄዳ ወንድ ማየት አትችልም። እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፣ እዛ ስመላለስ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ስለዚህ እኔን ላከችኝ።

«አለም፣ መልኩ አያስጨንቀኝም» አለችኝ ስትልከኝ። «እጁን እይልኝ።» ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ፊልም ደሞ እንዲህ ነው። የሲኒማው በረኛ አባቴን ስለሚያውቀው እሁድ እሁድ ያስገባኛል። የግቢው ሴቶች ሲኒማ አይፈቀድላቸውም፣ ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ተሰብስበው እኔን ይሰማሉ። የካውቦይ ሲሆን የአክተሩ፣ የዋናው ጀግና፣ ፊት ቶሎ አይታይም። መጀመሪያ ጫማው አቧራውን ሲረግጥ፣ ከዛ እጁ፣ ከዛ አንዱን ወንበዴ በጥፊ ሲያጋድመው። ባርኔጣው ቀና የሚለው ያኔ ነው፣ ሲኒማው በሙሉ «አክተሩ! አክተሩ!» ብሎ የሚጮኸውም ያኔ ነው። ለምን መታው የሚል ሰው የለም። አክተር ነዋ።

«እሺ» አልኩ። «ባቡሩ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ጫማ! ነጭና ቡኒ፣ ወላሂ ፊትሽን ታይበታለሽ።»

«አቦ!» አለች ሃሊሞ።

«ከዛ ነጭ ሱሪ፣ ተኩሱ ያልተበላሸ። ከዛ ትከሻው፣ በሩን ሞላው።»

ቱሪያ ፈገግ አለች። ሰሞኑን ፈገግ ስትል አላየኋትም ነበር። «እጁስ?»

እጁን አይቼዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ኩሊ ሻንጣውን ተሸክሞለት ነበር፣ ከአባ በድሩ የሚበልጥ ሰው። ደረጃው ላይ ሻንጣው አመለጠውና ጥጉ ተላጠ። ዲሪር ምንም አልተናገረም፣ አልተቆጣም እንኳን። በቃ መታው። ሽማግሌው ሻንጣውን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ደገመው። ጥምጥሙ ሐዲዱ ላይ ወደቀ። ከዛ ዲሪር መሀረብ አውጥቶ እጁን ጠረገ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት።

ይሄን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«አቦ ከዛስ?» ሃሊሞ ጉልበቴን ነቀነቀችው። «አልመታም? ካልመታማ ምኑን አክተር ሆነ!»

«መታ» አልኩ።

የቱሪያ ፊት ተለወጠ። እኔ ደሞ ያ ፈገግታ እንዲጠፋ አልፈለግኩም፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። «አንድ ሌባ!» አልኩ ቶሎ ብዬ። «የአንዲት ምስኪን ሴትዮ ጓዝ ነጥቆ ሲሮጥ! ህዝቡ ቆሞ ያያል፣ ፖሊሱ ከጃንሆይ ፎቶ ስር ቆሞ ያያል። ዲሪር ሻንጣውን አስቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ አንዴ ብቻ፣ ጧ! ጓዙን ለሴትዮዋ መለሰላት፣ እጁን በመሀረብ ጠረገ፣ ያኔ ቀና ሲል ፊቱን አየሁት።»

«አክተሩ!» ሃሊሞ ብድግ ብላ አጨበጨበች።

ውሸት አይደለም አልኩ ለራሴ። መታ ብያለሁ እኮ። መሀረቡንም አልደበቅኩም። ማንን እንደመታ ብቻ ነው የቀየርኩት።

ቱሪያ አላጨበጨበችም። ከአልጋው ወርዳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ሁለት እጄን ያዘችኝ። «አለም፣ አሁን ፊልሙን ተይውና፣ ሌባ ነበር?»

«ቱሪያ ደሞ!» አለች ሃሊሞ። «ጨዋታ ማበላሸት ትወጃለሽ።»

«ዝም በይ አንቺ። አለም፣ የመታው ሰውዬ ሌባ ነበር ወይ?»

እዚህ ጋ ነበር እውነቱን መናገር የነበረብኝ። «ሽማግሌ ነበር» ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል ናት። ግን ውሸታም ልባል ነው፣ ሰኞ ሰኞም ማንም ላይሰማኝ ነው፣ እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሮጠው።

«ሌባ ነበር» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዛ ትንፋሿን ለቀቀች። «ለምስኪን ብሎ የሚመታ እጅ ሚስት አይመታም» አለች፣ ለኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም።

ተነስታ በሩን ገርበብ አደረገችው። «እማ፣ ለአባባ እሺ ብያለሁ በይልኝ።»

እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው። ማዶ የነበረው ወሬ ጸጥ አለ፣ ከዛ ወንዶቹ ቃሉን የሚያስረውን ዱዓ፣ ፋቲሃን ጀመሩ። ቱሪያ ክፍሉ መሀል ቆማ ዓይኗን ጨፍና መዳፎቿን ዘረጋች። ሃሊሞም ዘረጋች። እኔ ክርስቲያን ብሆንም እዚህ ቤት ሁልጊዜ አብሬያቸው እዘረጋለሁ፣ ማንንም ገርሞት አያውቅም። ዘረጋሁ። ሳይጨርሱ ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ ነበር። ለካ ፋቲሃ አጭር ናት።

«አሚን» አሉ ግድግዳው ማዶ ያሉት ሁሉ። «አሚን» አለች ቱሪያ ፊቷን በመዳፏ እየዳበሰች።

የኔዋ «አሚን» ዘግይታ ወጣች፣ ሁሉም ዝም ካሉ በኋላ፣ ብቻዋን።