የእማዬ ክብሪት

የእማዬ ሰማያዊ መብራት ሺህ ሰዓት ሙሉ በራች፣ አሁንም ቦግ እንዳለች ናት! ቆይ ትንፋሼ ይመለስ። እማዬ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራው የስልክ ስክሪን የሚያበሩትን ጥቃቅን መብራቶች ነው። ቀዩና አረንጓዴው ይበረክታሉ። ሰማያዊው ግን ሁሌ ቀድሞ ይደክማል፤ የሷማ ሦስት መቶ ሰዓት አልፎ አያውቅም ነበር። ባልደረቦቿ መብራቷን ቶሎ ስለምትጠፋ «ክብሪቷ» ነው የሚሏት። እማዬ ግን መብራቷ መሃል ያለችውን ስስ ንጣፍ በሌላ ቁስ ቀየረቻት።

ዛሬ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እሷ ጋ ሄድኩ። ጥፍሬን የምታክል ሰማያዊ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላለች። ቆጣሪው ሺህ ሲል አለቃዋ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ «ክብሪትሽ አልጠፋም አለችኮ፤ የምትበላው ኤሌክትሪክ ደግሞ የድሮዋን ግማሽ ነው» አላት።

እማዬ እጄን ይዛ ጣቴን ማጥፊያው ላይ አስቀመጠችው።

«በይ አጥፊያት የኔ ልጅ። ለምን እንደበረከተች እንድናውቅ ተከፍታ ውስጧ መታየት አለበት።»

ይሄን በግራ እጄ ነው የምጽፍላችሁ። የቀኝ ጣቴ እስካሁን ማጥፊያው ላይ ነው፤ እማዬ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች። እናንተ ብትሆኑ ታጠፏት ነበር?