ሲመሽ የሚነሳ ሕመም

ነርሷ ሙቀት መለኪያውን ከካፒቴኑ ብብት አውጥታ አየችው። ሠላሳ ስድስት ከስድስት። ከእሷ ይሻላል፤ እሷ እንኳ ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዋን እየከረከራት ነው የምትዞረው።

«ትኩሳት የለዎትም።»

«ሆዴን ነው እኮ ያልኩሽ፣ ሲስተር» አለ ካፒቴኑ። ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቷል፤ ሸሚዙም ተተኩሷል። ሆዱን ያመመው ሰው እንዲህ ሲያምርበት አይታ አታውቅም።

አንድ አብራሪ በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «አሞኛል» ብሎ ከቀረ አየር መንገዱ ነርስ ቤቱ ድረስ ይልካል። «ታሟል» ብላ ከፈረመች በሙሉ ደመወዝ ያርፋል። «ጤነኛ ነው» ካለች የቀረባቸው ቀናት ክፍያ ይቆረጣል፣ ማስጠንቀቂያ ይከተላል፣ ስሙም በማግስቱ በረራ ላይ ይወጣል። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። «ወገቤን» ያሉትን ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመቱ፣ «ጉንፋን» ያሉትን ሰርግ ላይ ሲጨፍሩ አግኝታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አሁን የእውነት የሚያቃስተውንም አታምንም።

ይህን ሰውዬ ደግሞ ከመምጣቷ በፊት አጥንታዋለች። የቀረባቸው ሰባት ቀናት ሰባቱም የማታ በረራ የነበረባቸው ናቸው። ጠዋት ሲመደብ እንደ ብረት ነው፤ ማታ ሲመደብ ሆዱን ይቆርጠዋል። ቢሮ ውስጥ «ዶሮው» ነው የሚሉት፤ ሲመሽ ቆጡ ላይ መስፈር ይወዳል እያሉ።

ቤቱም አላማራትም። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ፀሐይ ገና አልገባችም። ሆኖም የሳሎኑ፣ የኮሪደሩ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ሳይቀር ቦግ ብሏል። ድግስ ያለበት ቤት ይመስላል። ግፊቱን ልትለካ አንድ ወንበር ስባ ተጠግታ ነበር። ገና ከመነሳቷ ሚስቱ ወንበሩን አንስታ ወለሉ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ፕላስተር ላይ እግሩን ልክ አድርጋ መለሰችው። ነርሷ «አይ ሙያ!» አለች በልቧ።

«እዚህ ጋ ሲነካ ያምዎታል?»

«አዎ።»

«እዚህስ?»

«እሱም።»

የትም ቢነኩት የሚያም ሆድ ውሸታም ሆድ ነው። ነርሷ ቅጿን አወጣች። «እንግዲህ ካፒቴን፣ እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

«ሁለት ቀን ብቻ ጨምሪለት፣ የኔ እህት» አለች ሚስቱ።

«ሁለትም አያስፈልግ፤ የነገ ማታዋን ብቻ» አለ እሱ። «ከነገ ወዲያ ጠዋት የትም ይመድቡኝ፣ እሄዳለሁ።»

ነርሷ ቀና አለች። «ሆድዎ ሰዓት ይቆጥራል ማለት ነው?»

 ሚስቱ ባሏን አየችው። «ምን አለበት ብትነግራት?» አለች ቀስ ብላ። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

«ምኑን ነው የሚነግሩኝ?» አለች ነርሷ።

«ምንም። ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፤ እሱን ነው የምትለው።»

ተመካክረው ነው የጠበቁኝ፣ አለች ነርሷ ለራሷ፤ ንዴቷም መጣ። እሷም እኮ ጡረታ ትጠብቃለች፤ እሷም እኮ ጉሮሮዋን እያመማት ነው የሰው በር የምታንኳኳው። «ጤነኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፣ ፈረመች፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ እዚያው ለበረራ ምድብ ክፍል ላከችው።

ካፒቴኑ ጉልበቱን አሻሸ። «ይሁን። ካላችሁ እበራለሁ» አለ።

ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ይሁን እንጂ ጨዋ ሰው ነው፤ ነርሷ ስትነሳ ሊሸኛት ተነሳ። ሚስቱ ደንገጥ ብላ «ተው፣ እኔ እሸኛታለሁ!» አለች። ይህችን ነርሷ አልወደደቻትም። እሱ ደጅ እንዳይወጣ ያስፈለገው ምን ነገር ቢኖር ነው?

«እሳቸው ይሸኙኝ። ነፋስ ለሆድ ጥሩ ነው» አለች።

ውጭው ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። የአበባ ማሰሮዎቹ፣ የአጥር በሩ መቀርቀሪያ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈው ብስክሌት ሁሉም ይታያል፤ የተደበቀ ነገር የለም። ካፒቴኑ ከኋላዋ ደረጃውን ይወርዳል። ገልመጥ ስትል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችና እየረገመኝ ነው አለች። ጆሮዋን ስትጥል ግን እርግማን አልነበረም።

«አራት... አምስት... ስድስት።»

ከስድስተኛው በኋላ እግሩ መሬቱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ አገኘው።

በሩ ጋ ዞር አለች። ንዴቷ በርዶላት ነበር። «እንግዲህ ቅር አይበልዎ፤ ሥራዬ ነው» ብላ እጇን ዘረጋች። ስትገባ፣ በዚያ ሁሉ መብራት፣ ቀድሞ ጥብቅ አድርጎ የጨበጣት እሱ ነበር።

«ምን ቅር ይለኛል ሲስተር» አለ ፈገግ ብሎ። «ያየሽውን ነው የጻፍሽው።»

ፈገግታው የእውነት ነበር። የተላከው ግን ወደ ትከሻዋ ነው፤ ድምፅዋን ወደ ሰማበት አካባቢ። የተዘረጋውን እጇን አልነካውም። ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፤ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ዶሮ ለምን ገና ሳይጨልም ቆጥ ላይ እንደምትወጣ ያኔ ትዝ አላት፤ ሲመሽ ዓይኗ አያይም።

ሚስቱ ከሳሎኑ መስኮት ቆማ ታያቸዋለች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ነዘረ፤ ምድብ ክፍሉ መልሷል። ነርሷ እጇን እንደዘረጋች ቆመች።