የኪት ዶርኒ ድምፅ

የምክር ቤት አባሉ መርቪን ትራንተር የምርጫ ጣቢያ በሆነው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ፣ መራጮች ለየትኛው ዕጩ አንደኛ፣ ለየትኛው ሁለተኛ ብለው ቁጥር እንደሚጽፉ የሚያሳይ ወረቀት ይዘረጋል፤ የሚቀበለው ግን ጥቂት ነው። ግቢ ውስጥ ወላጆች ቋሊማ እየጠበሱ ይሸጣሉ። ወትሮ ከሩቅ ሲያዩት ይጣሩ ነበር። ዛሬ ሁሉም እሳቱ ላይ አቀርቅረዋል።

ከበሩ ማዶ ኤይሊን በክቢ የመርቪንን የድሮ ፓርቲ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ የፓርቲውን ወረቀት ታድላለች። አሥራ ስምንት ዓመት በየእርሻው እየዞረች በር ያንኳኳችለት እሷ ናት። ፓርቲው ፅንስ ማስወረድን የሚፈቅደውን ሕግ ሲደግፍ፣ መርቪን ህሊናዬ እሺ አይለኝም ብሎ ለቀቀና አንድ ትንሽ አዲስ ፓርቲ ገባ። የሰጡት ብርቱካንማ ሸሚዝ ሆዱ ላይ ጠቦታል።

"እኔ እኮ አልተለወጥኩም" አላት ሰው ጋብ ሲል። "በዚያ ሕግ ጉዳይ አንቺም እንደኔው ነበርሽ።"

"አሁንም እንዳንተው ነኝ" አለች ሳታየው። "እሑድ እኛ ቤት ምሳ በላህ። ከባሌ ጋር ስለ ዝናቡ ስታወራ ዋልክ። ሰኞ መልቀቅህን ከቴሌቪዥን ሰማን።"

ለጋዜጠኞች ስለ ህሊናው ብዙ አውርቷል፤ ስለዚያ ምሳ የጠየቀው አልነበረም።

ይሄኔ ሽማግሌው ገበሬ ኪት ዶርኒ በምርኩዝ እያዘገሙ መጡ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መርቪንን በድምፁ ለዩትና እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

"አይዞህ ልጄ፣ እንደ ሁልጊዜው ድምፄ ላንተ ነው" አሉት። "እግዜርን የሚፈራ ካንተ ወዲያ ማን ቀረን?"

ከዚያም ዞር ብለው፣ እንደለመዱት፣ ከኤይሊን እጅ ወረቀቱን ተቀበሉ። ድምፅ ሲሰጡ ቁጥሮቹን የሚገለብጡት ከዚያ ላይ ነው፤ ዘንድሮ ግን እዚያ ላይ አንደኛ የተባለው ሌላ ሰው ነው።

ኤይሊን መርቪንን አየችው። እንዲናገር ጠበቀች። ፓርቲ ቀይሬያለሁ ማለት ብቻ ነበረበት፤ ግን ሽማግሌው ለምን ቢሉትስ? ህሊና የምትለዋን ቃል ኤይሊን ፊት ሊያወጣት አልቻለም። ኪት ገቡ።

ሲወጡ ትከሻውን መታ አደረጉት። "ድምፄን ሰጥቼሃለሁ።"

"አመሰግናለሁ፣ ኪት" አለ።

አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። የወረዱት ባልና ሚስት እየሳቁ ለመርቪን እጃቸውን አውለበለቡለትና፣ እንደ ኪት ወረቀት ሊቀበሉ ወደ ኤይሊን አመሩ።